የተሰረዘው ሳቅ

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሳይስቅ እህል አይቀምስም። ሥርዓቱን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ የቀደሙት ሰዎች ናቸው ይባላል፤ የማይመች ነገር ሁሉ ከነሱ ነው የመጣው። ሰው ሲሞት ከዘመዱ ሁሉ ለሟች የቀረበው አንድ ሰው ይመረጥና ከግድግዳው ሥር ሰሌን ላይ ይቀመጣል። ውሃ ይጠጣል። ሌላ ነገር ወደ አፉ አይገባም። አንድ ቀን፣ በሆነ ነገር፣ ከሆዱ ሲስቅ ዘመድ እልል ይላል፤ አጥሚት ይቀርብለታል። የሳቀ ሰው ለመኖር ተስማምቷል ማለት ነው። ያልሳቀ ገና ከሟቹ ጋር እየተማከረ ነው።

ድሮ ይህ ከባድ አልነበረም። ማንም እየገባ ይሞክር ነበር። ጎረቤት ይገባል፣ ሰካራም ይገባል፣ ከሟች ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ ባላንጣ ሳይቀር ይገባል፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ የሚያስቀው እሱ ነበር፤ ሟቹን አጥብቆ ያውቀዋላ። ሦስተኛ ቀን ያለፈው ሐዘንተኛ እምብዛም አይሰማም ነበር።

እኔ ትሁኔ እባላለሁ፤ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። የመጀመሪያዋን ሐዘንተኛ ያሳቅሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ገብቼበት ሳይሳቅ የወጣሁበት ቤት የለም። ይህን ስናገር ጉረኛ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ጉራ የሚሆነው ውሸት ሲሆን ነው።

ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት ከጆንያ ላይ ነው። የቤታችን ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ስለነበር ንባብ የተማርኩት ከግድግዳ ነው፤ የየወሬው ግማሽ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ስለሚቀር መጨረሻውን ራሴ እሠራለት ነበር። በኋላ ቁም ሣጥኑ ሲነሳ እውነተኛውን መጨረሻ አነበብኩት። የኔ ይሻል ነበር። ማሳጠርን ያስተማረኝ ደግሞ ወፍጮው ነው። ወፍጮ እየጮኸ ሰው ላስቅ ያለ ሰው አሥራ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፤ አሥራ ሦስተኛውን ድንጋዩ ይፈጨዋል።

እንዲህ ስንኖር አንድ ትልቅ ሹም ሞተ። ሚስቱ ሰሌን ላይ በተቀመጠች በሩብ ሰዓት ውስጥ ሳቀች። ማንም ምንም አላላትም፤ ብቻዋን ነው የሳቀችው። መንግሥት በዚህ በጣም ደነገጠ። በሳምንቱ አዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ ሐዘንተኛ የሚስቀው በሳቅ ቤት ተጽፎ፣ ታርሞና ማኅተም ተመትቶበት በወጣ ጽሑፍ ወይም ፈቃድ ባለው ጸሐፊ አፍ ብቻ ነው ተባለ። በየሐዘን ቤቱም ሳቅ አድማጭ የሚባል ሠራተኛ ተመደበ። ያለ ፈቃድ የሳቀ ሰው ሳቁ አይቆጠርለትም፤ ወደ እርማት ድንኳን ይወሰድና በወጉ እስኪስቅ ድረስ የተፈቀደ ጽሑፍ ይነበብለታል። ከእርማት ድንኳን የተመለሰ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። ሳቅ ቤቱ ግን ድንኳኑ ንጹሕ መሆኑን አረጋግጧል።

የሳቅ ቤት ጸሐፊ ለመሆን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአምባውን ትምህርት ቤት መጨረስ። ትምህርት ቤቱ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ራስ ላይ ነው ያለው። የመግቢያ ፈተና የለውም፤ ለማንም ክፍት ነው። መሰላሉን ብቻ ተማሪው ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ርዝመቱ ሰማንያ ክንድ ነው። በከተማችን ሰማንያ ክንድ መሰላል ያላቸው ቤቶች አሥራ አንድ ሲሆኑ፣ ከአሥራ አንዱ ቤት በቀር ለትምህርት ፍላጎት ያሳየ እንደሌለ በየዓመቱ በታላቅ ሐዘኔታ ይነገረናል። የአምባው ድንጋይ ነጭ ነው። ወጥቶ የወረደ ሁሉ ትከሻው ላይ ነጭ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ አያራግፈውም። አቧራውን እንደያዙ ያገባሉ፣ አቧራውን እንደያዙ ይሾማሉ።

ሰባት ዓመት ይማራሉ። አልዋሽም፣ ብዙ ያውቃሉ። የሳቅ ዓይነት ሠላሳ ስድስት መሆኑን፣ የትኛው ከጉሮሮ የትኛው ከጎን አጥንት እንደሚነሳ ያውቃሉ። ስለ ፍየል ብቻ አንድ ዓመት ሙሉ ይማራሉ። ዋናውን ትምህርት የሚያገኙት ግን በማደሪያቸው ውስጥ ነው። እዚያ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ይስቃል፤ የዛሬው ታናሽ የነገ ታላቅ ነውና ነገ ለሱም ይሳቅለታል። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህ እንደ ማስነጠስ ይሆንባቸዋል፤ አንዱ አፉን ሲከፍት ሌላው ይስቃል። ከአምባው ወርደው ሳቅ ቤት ገቡ። የጻፉትን እርስ በርስ አነበቡ፤ ሳቁ፤ ማኅተም መቱበት፤ ወደ ሐዘን ቤቶች ላኩት።

ሐዘንተኞቹ አልሳቁም።

በዚያ ዓመት ከሰሌናቸው ሳይነሱ የሞቱት ብዙ ናቸው። ለሞቱትም ሐዘንተኛ ተመረጠላቸው፤ እነዚያም ተቀመጡ። ሳቅ ቤቱ ሥራ ስለበዛበት ተጨማሪ የአምባ ልጆች ቀጠረ። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት አወጣ፤ የጽሑፉ ጥራት ከፍ ማለቱን፣ የሐዘንተኛው የመረዳት አቅም ግን እያሽቆለቆለ መሆኑን ገለጸ። ስለዚህ ለወደፊት ሐዘንተኞች በአደባባይ ነጻ ትምህርት ተከፈተ። እኔም አንድ ቀን ሄጄ ነበር። እንዴት መቀመጥ እንዳለብን አሳዩን።

የታላቅ እህቴ የደብሪቱ ባል ጓንጉል የሞተው በሁለተኛው ዓመት ነው። መሰላል ያዥ ነበር፤ የአምባ ተማሪ ሲወጣ መሰላሉን ከታች ሆኖ ደግፎ ይይዛል። አንድ ተማሪ ከላይ መጽሐፍ አምልጦት ጓንጉል አናት ላይ ወደቀ። ስለ ሳቅ ዓይነቶች የተጻፈ ነው፣ ሁለተኛው ቅጽ ነው ይባላል። እኔ ያየሁት ክብደቱን ነው።

ጓንጉል አንድ አመል ነበረው፤ መንገድ ጠፋኝ አይልም። የሠርጋቸው ዕለት ሙሽራዋንና ሚዜዎቹን ‘በዚህ በኩል አቋራጭ አለ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ’ ብሎ እየመራ የማያውቁት ሰው ሠርግ ላይ አስገብቷቸዋል። በልተው ጠጥተው ነው የወጡት። እቴቴ ደብሪቱ ይህን እያነሳች አሥራ ሁለት ዓመት ስትሰድበው ኖረች። እሱም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ‘ትንሽ ብንሄድ እንደርስ ነበር’ ሲላት ኖረ።

የቀብሩ ዕለት ቀባሪዎቹ መቃብሩን አጡት። አገራቸው ነው፤ ጉድጓዱንም በጠዋት የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። ግን አጡት። ሳጥኑን ተሸክመው ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ እኛም ከኋላ ከኋላ እያለቀስን አብረን ዞርን። ነገሩ የመጣልኝ ያኔ ነው፣ በሁለተኛው ዙር፣ ሽንኩርት ተራ አጠገብ። እንዲህ ይላል፦ እቴቴ፣ ቀባሪዎቹ ምን ያድርጉ፤ ጓንጉል ከሳጥኑ ውስጥ ‘በዚህ ዙሩ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ’ እያላቸው።

አለቀ። አሥራ ሁለት ቃል። እህቴ ይህን ሰምታ ሳትስቅ እንደማትቀር አውቅ ነበር፤ ስሜን የማውቀውን ያህል አውቅ ነበር።

ግን እንዴት ልንገራት? በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ሳቅ አድማጩ አባባ ድልነሳው ተቀምጠዋል፤ እሳቸው ሲደክማቸው ተለዋጭ ይመጣል። አባባ ድልነሳው ክፉ ሰው አልነበሩም። ጆሯቸው የመንግሥት፣ የቀረው አካላቸው የራሳቸው የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ብናገርና ብትስቅ መዝግበው ወደ እርማት ድንኳን ይልኳታል። ቀልድ ደግሞ አንዴ ከተሰማ ተሰማ ነው፤ ሁለተኛ አይፈላም። በሦስተኛው ቀን በነጠላዬ ሥር ቂጣ ደብቄ ገባሁ። እቴቴ አየችውና በእጇ መለሰችው።

“ሳልስቅ ብበላ ጓንጉልን መንገድ ላይ ጥዬው መሄዴ ነው” አለችኝ።

ስለዚህ በየቀኑ ከወፍጮ ቤት ስወጣ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ የምትድንበት ነገር አፌ ውስጥ ነው፤ አፌን ዘግቼ እወጣለሁ። በአምስተኛው ቀን ከሳቅ ቤት አንድ አንባቢ መጥቶ ስለ ፍየል አነበበላት። በጨዋነት አዳመጠችው። በሰባተኛው ቀን ሌላ መጥቶ ያንኑ ፍየል አነበበላት፤ ይኼኛው የተሻሻለ ነው አለ።

በዘጠነኛው ቀን ቆረጥኩ። ሳቅ ቤት ገብቼ ጸሐፊ እሆናለሁ። ጸሐፊ ፈቃድ አለው፤ በፈቃዴ ገብቼ አሥራ ሁለት ቃሌን እላታለሁ፤ ትስቃለች፤ አጥሚቷን ትጠጣለች። የምፈልገው ይህን ብቻ ነበር። አይ፣ ይህን ብቻ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ጸሐፊ ትሁኔ መባልንም ፈልጌ ነበር። ቀጣሪዎቹ በየሳምንቱ አንድ ቀን አዲስ ሰው ይሰሙ ስለነበር ከወፍጮ ቤት በቀጥታ፣ ልብሴን ሳልቀይር ሄድኩ።

የሳቅ ቤት ዘበኛ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። ለኔ ተነስቶልኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ከኋላዬ ሹም የመጣ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ዘበኛው ትከሻዬን በአክብሮት እያየ በሩን ከፈተልኝ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰዎች ከአንድ ጸሐፊ ጋር ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ያሉት ሊቀ ሳቅ የሚባሉት ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በቀኛቸው አንድ መላጣ መርማሪ፣ በግራቸው ደግሞ ናሁሠናይ የሚባል፣ ከአምባ ከወረደ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ ወጣት ነበር። ሦስቱም ትከሻቸው ነጭ ነው።

“እንኳን ደህና ወረድሽ” አሉኝ ሊቀ ሳቅ።

የቤቱ ሰላምታ መሰለኝና እንኳን ደህና ቆያችሁ አልኩ። ደስ አላቸው። ንገሪን አሉኝ። ስለ ጓንጉል፣ ስለ አቋራጩ፣ ስለ ሌላው ሰው ሠርግ አጠር አድርጌ ነገርኳቸው፤ ቀባሪዎቹ ገበያውን መዞራቸውን ነገርኳቸው፤ ከዚያ አሥራ ሁለቱን ቃል ጣልኩላቸው።

ሳቁ። የማደሪያ ቤቱን ሳቅ አይደለም የምላችሁ፤ የጎን አጥንቱን ነው። መላጣው ጠረጴዛውን መታ። ናሁሠናይ ራሱን በክንዱ ውስጥ ቀበረ። ሊቀ ሳቅ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ማኅተሙን ወደ ራሳቸው ሳቡና፣ ለመዝገብ ያህል፣ በየትኛው ማደሪያ እንደነበርኩ ጠየቁኝ።

“ወፍጮ ቤት” አልኳቸው።

“እሱ በእኛ ጊዜ አልነበረም። አዲስ ነው?”

“ኧረ ቆይቷል። ከወንዙ ማዶ ነው።”

“አምባው ላይ ወንዝ የለም” አለ መላጣው።

ተነስቶ መጣ። በሌባ ጣቱ ከትከሻዬ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ዛቀ፤ አየው፤ አሸተተው፤ ምላሱ ላይ አደረገው።

“ጤፍ ነው” አለ።

ሊቀ ሳቅ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ያላግባብ ነው የሳቅነው አሉ። ጸሐፊው ብዕሩን እንዳንጠለጠለ ምን ልጻፍ አላቸው፤ ሰርዘው አሉት። ተስቆ ያለቀ ሳቅ እንዴት እንደሚሰረዝ እንደማያውቅ በትሕትና ገለጸላቸው። ሦስታችንም አልሳቅንም ብለህ ጻፍ አሉት። ጻፈ።

“ጌታዬ፣ ሆድዎ እኮ ገና እየተንቀጠቀጠ ነው” አልኳቸው።

“ልጄ፣ እኔ ሳቅሁ ማለት አስቂኝ ነው ማለት አይደለም” አሉኝ፣ በእርጋታ፣ እንደ አባት።

እህቴ ዘጠነኛ ቀኗ መሆኑን ነገርኳቸው። ከልባቸው አዘኑ። መሰላል ይዤ ከመጣሁ ከሰባት ዓመት በኋላ በደስታ እንደሚቀበሉኝ፣ ጽሑፌም ተስፋ ያለው እንደሆነ ነግረው አሰናበቱኝ። ዘበኛው ስወጣ አልተነሳም።

ናሁሠናይ አጥሩን ዙሬ ሳልጨርስ ሮጦ ደረሰብኝ። ገና ዓይኑ እርጥብ ነው። ቀልዱን በራሱ ስም ሊያስገባው ፈቃዴን ጠየቀኝ። የተሰረዘ ቀልድ በጸሐፊ አፍም አይነገርም፤ በኔ ስም እንደ አዲስ ከገባ ግን አንድ ቀን አያድርም፣ ታትሞ ይነበብላታል አለ።

“አንተ ሰባት ዓመት እዚያ ላይ ምን ስትሠራ ነው የከረምከው?” አልኩት።

“ስለ ፍየል ተምሬያለሁ” አለኝ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ “እንዳንቺ ያለ አንድ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ቀልድ አይሆንልኝም። የሚስቁልኝ ግን ብዙ ናቸው” አለ።

እውነቱን መናገሩ አናደደኝ። ስሜ ከላዩ ይጻፍ አልኩት። ከአምባ ያልወረደ ስም አይታተምም አለኝ። እንግዲያው ስሜ በሌለበት ቀልዱም የለም አልኩት። ደብሪቱ እኮ ብሎ ሊጀምር ሲል የእህቴን ስም እንዳይጠራ ነግሬው ሄድኩ። ያን ዕለት መንገዱን ሁሉ ቀና ብዬ ነው የሄድኩት።

አራት ቀን አለፈ። ናሁሠናይ በየቀኑ ወፍጮ ቤት በር ላይ መጥቶ ይቆማል፤ በየቀኑ ዱቄት አራግፌበት እገባለሁ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን እቴቴ ውሃ ለመነችኝ። ጣሳውን ሰጠኋት፤ ከእጇ ወደቀ። ደግሜ ሰጠኋት፤ ደግሞ ወደቀ። ይቅርታ አለችኝ። ጣሳ መያዝ አቃተኝ ብላ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። ወጥቼ ናሁሠናይን ፈለግሁትና ስሜ ይቅር፣ በስምህ አስገባው አልኩት።

አንድ ቀን አያድርም ያለው ቀልድ ስምንት ቀን አደረ። ሊቀ ሳቅ ሲያነቡት ወዲያው ሳቁ፤ ያን የሰረዙትን ቀልድ አስታውሰው እንደሆነ ናሁሠናይ ፈርቶ ጠየቃቸው። ያኛው የወፍጮ ቤት ነበር፣ ይኼ ሌላ ነው አሉት። ነገር ግን ጥሩ ጽሑፍ ስለሆነ ይበልጥ ጥሩ እንዲሆን ለአራሚዎች መሩት። ናሁሠናይ በየሁለት ቀኑ ወፍጮ ቤት እየመጣ የደረሰበትን ይነግረኝ ነበር። መጀመሪያ ጽሑፉ ሁሉንም ሟቾች እንዲያገለግል የጓንጉል ስም ወጣ። ከዚያ በሐዘን ቤት ሬሳ ሳጥን ማንሳት ነውር ነው ተባለና ሳጥኑ ወጣ። ሳጥኑ ከወጣ በኋላ ሰውዬው ምን ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ግልጽ ስላልሆነ መናገሩ ቀረ። ቀባሪዎቹም ሥራ ፈትተው ስለታዩ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገረኝም። ሲመጣ ጆንያዎቹን ማየት ጀመረ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ እህቴ ቤት ገባ። እቴቴን ትራስ አስደግፈናት ነበር። አባባ ድልነሳው መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ናሁሠናይ ቆሞ አነበበ።

“አንድ መንገደኛ ነበረ። ይህ መንገደኛ መንገዱን ሳያውቅ አውቃለሁ ይል ነበር። በዚህም ምክንያት ወደሚሄድበት ስፍራ ሳይደርስ ቀረ። አድማጭ ልብ ሊለው የሚገባው፣ በመንገደኛው አነጋገርና በአድራጎቱ መካከል ያለውን አለመጣጣም ነው።”

አንብቦ ቆመ። ከወረቀቱ ግርጌ እዚህ ላይ ይሳቃል የሚል ተጽፏል፤ እሱን አላነበበውም። እቴቴ ወረቀቱ እስኪታጠፍ ጠበቀች።

“ውሃ ስጡት፣ ጉሮሮው ደርቋል” አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። “ትሁኔ፣ ይኼ ጓንጉል ነው እንዴ?”

“አዎ፣ እቴቴ።”

“ምነው እንዲህ ከሳብኝ?”

አባባ ድልነሳው ድንገት መዝገባቸውን ዘጉና በቅሎዬን ውሃ ላጠጣ ብለው ወጡ። በቅሎ የላቸውም። ናሁሠናይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ አሥራ ሁለቱን ቃል፣ አንድ ሳልጨምር አንድ ሳልቀንስ፣ ነገርኳት።

ሳቅ ጉልበት ይፈልጋል። ፊቷ ማድረግ ያለበትን ሁሉ አደረገ፤ ዓይኗ ጠበበ፣ ትከሻዋ ከትራሱ ተነሳ፣ አፏ ተከፈተ። ድምፁ ግን አልመጣም። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ያለ ድምፅ ሳቀች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ የባሏን አነጋገር አስመስላ፣ ትንሽ ብንሄድ እንደርስ ነበር አለች። አጥሚት አምጡልኝ አለች። አመጣሁላት። ሁለት ማንኪያ ዋጠች። ሦስተኛው አፏ ውስጥ ቀረ።

አባባ ድልነሳው ሲመለሱ አዩ። ቁጭ አሉና ድምፅ አልተሰማም ብለው ጻፉ። ስቃለች ብለው ቢጽፉ ሬሳዋን ወደ እርማት ድንኳን ይወስዱት ነበር፤ ሕጉ ስለ ሞቱት የተለየ ነገር አይልም። ሳቅ ቤቱ በሳምንቱ ባወጣው መግለጫ ጽሑፉ እንከን የሌለው መሆኑን፣ ጉድለቱ የሐዘንተኛዋ ሳንባ መሆኑን አስታወቀ። ናሁሠናይን ወደ ላይ አሳደጉት።

ሰዎች እህትሽን የገደላት ሳቅ ቤቱ ነው ይሉኛል። ስምንቱን ቀን እነሱ ናቸው የወሰዱት፤ አልክድም። አራቱን ቀን ግን ማንም አልወሰደብኝም። ስሜን ከላይ ለማጻፍ እኔው ነኝ የሰጠኋቸው። እጇ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጣሳ አልያዘም፤ በዘጠነኛው ይዞ ነበር። ይህን አስልቼ ጨርሻለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲያሰላልኝ አልፈልግም።

ለደብሪቱ ከኔ የቀረበ ሰው ስለሌለ ሰሌኑ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አባባ ድልነሳው በርጩማቸውን አላነሱም፤ እዚያው ናቸው። ሳቅ ቤቱ አንባቢ ሳይልክ ናሁሠናይ ራሱ መጣ። ወረቀት አልያዘም። ፈቃድ ያለው ጸሐፊ ስለሆነ በአፉ ቢናገር ይቆጠርለታል፤ ችግሩ የሚናገረው የለውም። እኔ የምናገረው አለኝ፤ ፈቃድ የለኝም፤ ደግሞም ማንም ራሱን በራሱ ቀልድ አያስቅም። ከፊቴ ተቀመጠና ምን ልበልሽ አለኝ።

እኔም ማስተማር ጀመርኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ስለ እህቴ እነግረዋለሁ፤ እንዴት እንደምትሰድብ፣ እንግዳ ሲያሰለቻት ምን እንደምታደርግ፣ ምን እንደምትጠላ። የማይፈልጉትን ቃል እንዴት እንደሚጥሉ አሳየዋለሁ። ይሞክራል፤ ይበላሻል፤ እሰድበዋለሁ፤ እንደገና ይሞክራል። ትጉህ ነው፤ ይህን አልነሳውም። ደብተር አምጥቶ የምለውን ሁሉ ይጽፋል። ስድቦቹንም ይጽፋል።

ትናንት፣ ሰባተኛ ቀኔ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ድካም ይዞት ደብተሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል፣

“እህትሽ እኮ ያን ቀን ውሃ ስጡት ያለችው ዝም እንድል ነው” አለ።

እውነት ነው። ደብሪቱ ነች። እንግዳ ሲያሰለቻት አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው የምትሰጠው። ከጎን አጥንቴ ሥር የሆነ ነገር ሲነሳ ተሰማኝ፤ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። አባባ ድልነሳው ብዕራቸውን አነሱ፤ ጆሯቸው ወደኔ ዘንበል አለ። ናሁሠናይም አየው። ፊቱ በራ። ደብተሩን ከመሬት አፈፍ አደረገና፣

“ቆይ፣ ቆይ። የትኛው ቃል ላይ ነው?” አለኝ።

የተነሳው ነገር ቆመ። ተመልሶም ወረደ።

ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ናሁሠናይ በጠዋት መጥቶ ከፊቴ ተቀምጧል። ቃሎቹን አንድ በአንድ፣ በየቃሉ መካከል ፊቴን እያየ፣ ደግሞ ደጋግሞ እያነበበልኝ ነው።